የዘለሉትን ገጽ እንዴት ይመልሱታል?

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር እንቅልፌ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መሰበር ጀመረ። ሠላሳ ሰባት ዓመት በትምህርት ቤት ደወል የኖርኩ መምህርት ነኝ፤ ደወሉ ሲቀር ሌላ ነገር ይቀሰቅሰኝ ገባ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሐሳብ ቀን ከሚመጣው ይለያል። ቀን ላይ «ያ ሰው የት ደርሶ ይሆን?» ብሎ የሚያልፈው፣ ሌሊት «ምነው ያን ባላደረግሁ!» ብሎ ደረት ላይ ይቀመጣል። ጓደኞቼን ስጠይቅ ለካ ብቻዬን አልነበርኩም። አንዷ መቁጠሪያዋን ይዛ ትነሣለች፣ አንዱ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ሌላዋ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ወደ ግድግዳው ትገለበጣለች።

ይህን የምጽፈው ለእነሱና ለእርስዎ ነው። ራሴ ሞክሬ ያየሁትን፣ ካነበብኩት ጥቂት ጨምሬበት፣ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። የሚያስፈልግዎ ባለ 50 ሉክ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ዓይንዎ ወይም እጅዎ እምቢ ካለ የስልክዎ ድምፅ መቅጃ ይበቃል፤ አከፋፈቱን የልጅ ልጅ ያሳይዎታል። በደብተሩ የሚጽፉ ከሆነ ግን በስተቀኝ ባለው ገጽ ላይ ብቻ ይጻፉ። የግራውን ባዶ ይተዉት። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ።

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። ያለፈን ሕይወት መቀበል «ሁሉም ለበጎ ነው» ማለት አይደለም። ለቅሶ ቤት ይህ ሲባል ራሴን ነቅንቄ አልፋለሁ፤ ለራሴ ግን አልለውም። ለበጎ ያልሆነ ነገር አለ። መቀበል ስል የሆነውን ሳልቆርጥ ሳልቀጥል «ይህም የእኔ ነው» ማለቴ ነው። ጥፋቱን ማቆንጀት የለበትም፤ ራስን በየሌሊቱ መግረፍም የለበትም።

ሰዓቱን ይለውጡ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት የችሎት ሰዓት አይደለም። በዚያ ሰዓት ከሳሹም፣ ምስክሩም፣ ዳኛውም እርስዎ ነዎት፤ ጠበቃ ግን የለም። ሐሳቡ ሲመጣ አይከራከሩት። ትራስጌዎ ባለ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ብቻ ይጻፉ፤ «የእህቴ መሬት»፣ «ያ ደብዳቤ»። ከዚያ «ጠዋት እንገናኝ» ብለው ይተኙ። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፉ እሺ አይልም። እኔን ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ጠዋት ከቁርስ በኋላ 15 ደቂቃ ይጻፉ፣ ከዚያ አይበልጥም። ቁጥሩን ከራሴ አላመጣሁትም። ጄምስ ፔንቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች በተከታታይ አራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው እንዲጽፉ አደረገ። በጻፉበት ሰዓት ስሜታቸው ይብስ ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ስለ ከባዱ ነገር ድርጊቱንም ስሜታቸውንም አጣምረው የጻፉት ተማሪዎች ክሊኒክ የሄዱት ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጽፈው ሲጨርሱ ልብዎ ቢከብድ ተሳሳትኩ አይበሉ። ወዲያው የሚቀጥል የእጅ ሥራ ግን ያዘጋጁ። ምስር ይልቀሙ፣ ቃሪያ ይሰንጉ፣ አትክልት ያጠጡ። እኔ ምስር እለቅማለሁ፤ በዚያ ሰሞን ቤቴ ጠጠር ያለበት ምስር ወጥ ተበልቶ አያውቅም።

ዘመኑን ይዘርጉ፣ ዕድሜዎንም ከጎኑ

የእኛ ትውልድ ዓመቱን የሚያስታውሰው በቁጥር ሳይሆን በሆነው ነገር ነው። ይህ ይረዳናል። በገጹ አንድ ጠርዝ ከላይ ወደ ታች ይጻፉ፦ ንጉሡ የወረዱ ጊዜ፣ መስከረም 1967፤ የእድገት በኅብረት ዘመቻ፤ ትርፍ ቤት የተወረሰ ጊዜ፣ ሐምሌ 1967፤ ብር የተቀየረ ጊዜ፣ 1969፤ ቀይ ሽብር፤ የ77ቱ ድርቅ፤ ግንቦት 1983፤ ከኤርትራ ጋር የተዋጋን ጊዜ፤ ሚሊኒየሙ። ውጭ አገር የኖሩ ከሆነ የወጡበትን ቀን፣ ወረቀት ያገኙበትን ቀን ይጨምሩበት። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ነገር፦ እኔ የት ነበርኩ? ዕድሜዬስ ስንት ነበር?

ዋናው የዕድሜው ዓምድ ነው። ያለፈውን ስናስብ ዛሬ ባለን ልብ ያኔ የነበረውን ልጅ እንከስሰዋለን፤ ወይም በተገላቢጦሽ «ልጅ ነበርኩ» እያልን ጎልማሳውን እናስመልጠዋለን። ቁጥሩ ሁለቱንም ያጋልጣል። እኔ ዓምዱን ስሞላ 17 የሚለውን አይቼ ደነገጥኩ፤ የልጅ ልጄ ዕድሜ ነው። ዝቅ ብዬ 26 የሚለውን ሳይ ደግሞ ሰበቤ አለቀ።

ከአርባ ዓመትዎ በኋላ ያለው ዓምድ ቢሳሳ አይግረምዎ። በዕድሜ የገፋ ሰው በብዛት የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ባለው ጊዜ የሆነውን እንደሆነ የትዝታ ተመራማሪዎች ደጋግመው አይተዋል። የቀረውን ከፎቶ አልበም፣ ከድሮ የሥራ ደብዳቤ፣ ከልጆችዎ አፍ ይሙሉት።

የተዘለለውን ገጽ ይፈልጉ

በ1963 እ.ኤ.አ. ሮበርት በትለር የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሽማግሌዎች ያለፈውን እያነሱ ማውራታቸው በዚያን ጊዜ የመጃጀት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። እሱ ግን ይህ ሥራ ነው አለ፤ ሞት መቅረቡን ያወቀ አእምሮ ያልተቋጨውን እያወጣ ይመረምራል። «የሕይወት ክለሳ» ብሎም ጠራው። ክለሳው አንዳንዱን ወደ እርጋታ፣ አንዳንዱን ወደ ድብርት ሊወስድ እንደሚችልም አልደበቀም።

የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን ደግሞ በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃ ከፍሎ፣ የመጨረሻው የእርጅና ፈተና የኖሩትን ሕይወት በሙሉ እንደ ራስ መቀበል ነው ብሎ ጻፈ። ያን ያልቻለ ተስፋ መቁረጥ ይይዘዋል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ያን ያህል ያልተወራው ሌላው ነው፦ በ1944 እ.ኤ.አ. ለኤሪክሰን ወንድ ልጅ ተወልዶለት ነበር። ሕፃኑ ዳውን ሲንድረም ስለነበረበት ወደ ማሳደጊያ ተቋም ተላከ፤ ታላላቆቹ «ሲወለድ ሞተ» ተባሉ። ልጁ ሃያ ዓመት ያህል በሕይወት ነበረ። ነገሩ በሰፊው የታወቀው አባትየው ካረፈ በኋላ ነው። ሕይወትን በሙሉ መቀበልን ለዓለም ያስተማረው ሰው ከራሱ ቤት ታሪክ አንድ ልጅ ጎሎበት ነበር።

ይህን ስነግርዎ ላሳጣው ብዬ አይደለም። ያነበብኩ ዕለት መጽሐፉን አስቀምጬ ደብተሬን ነው የከፈትኩት። በ17 ዓመቴ ፍቼ፣ እናቴ ቤት፣ ሴት ልጅ ወልጃለሁ። (የአባቷ ነገር ሌላ ደብተር ነው።) አራት ዓመት ሲሆናት እናቴ ዘንድ ትቻት ደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። በ1976 ሳገባ ለባለቤቴ «እህቴ ናት» አልኩት። ከእሱ የወለድኳቸው ሁለቱ ልጆቼ አክስት እያሏት አደጉ። እሷም «እትዬ» ትለኛለች። አንድም ቀን «እማዬ» ብላኝ አታውቅም። የሕይወቴን ታሪክ በጡረታ መሸኛዬ ላይ ለአርባ ሰው ስተርክ ከ1967 ወደ 1971 ዘለልኩ፤ ማንም ልብ አላለም።

የእርስዎ ገጽ ሌላ ይሆናል። ምልክቶቹ ግን ይመሳሰላሉ። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል፣ በአንድ ዓይነት ሳቅ የሚያወሩት ታሪክ ካለ ከጀርባው ይዩ። ሲተርኩ የሚቸኩሉበት ቦታ አለ? አልበሙ ውስጥ ተቀዶ የወጣ ፎቶ አለ? የልጅ ልጅ የሆነ ጥያቄ ሲጠይቅዎ ድንገት ቡናው ሊገነፍል ነው ብለው ይነሳሉ? እዚያ ነው።

ግሱን ወደ ራስዎ ይመልሱ

እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ስለሆነ። አማርኛችን ጥፋትን ባለቤት አልባ ለማድረግ እጅግ ይመቻል። «ነገሩ ተበላሸ» እንላለን፤ ማን አበላሸው? «ሳንገናኝ ቀረን»፣ «መሬቱ ተሸጠ»፣ «ትዳሩ ፈረሰ»፣ «አጋጣሚ ሆኖ»። ብርጭቆ እንኳን ከእጃችን ወድቆ ሲሰበር «ተሰበረ» ነው የምንለው። ሰዋስው ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ተሻጋሪና ኢተሻጋሪ ግሥ እያልኩ ሰሌዳ ስሞላ ኖሬ ይህን በራሴ ታሪክ ላይ ያየሁት በ60 ዓመቴ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቄ «ልጅቷ እናቴ ዘንድ ቀረች» ይላል። እንዲህ ያድርጉ፦ የጻፉትን ገጽ ያንብቡና ባለቤቱ የጠፋበትን ግሥ ሁሉ ያስምሩበት። ከዚያ እያንዳንዱን በ«እኔ» መልሰው ይጻፉት። «ልጄን እናቴ ዘንድ ተውኳት።» «ለባለቤቴ ዋሸሁት።» ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሆናል፤ እጅም ይከብዳል። አንዷን መስመር ለመጻፍ ሦስት ጠዋት ፈጅቶብኛል።

ተቃራኒውም አለ፤ ሁሉንም በራሱ ላይ የሚጭን ሰው። «ወንድሜን ገደልኩት» የሚል አንድ ጎረቤት ነበረን። ወንድሙን ገበያ ልኮት መኪና ገጭቶት ነው የሞተው። እንዲህ ላለው ሰው ትእዛዙ ይገለበጣል፤ ግሱን ለባለቤቱ ይመልስ። እሱ «ላክሁት» ይበል፤ የገጨው ሾፌሩ ነው።

በሦስት ይክፈሉት

ገጹ ከተጻፈ በኋላ ከሥሩ ሦስት አጭር መልስ ያስቀምጡ። ያኔ ምን አውቅ ነበር? ያኔ ምን ማድረግ እችል ነበር? ከምችለው ውስጥ የትኛውን መረጥኩ? «ዘመኑ ነው» የሚለው መልስ ለሁለተኛው ጥያቄ ይሠራል፤ ለሦስተኛው ግን አይሠራም። በ17 ዓመቴ ያለ አባት ልጅ ይዤ የሚቀበለኝ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ያ የዘመኑ ነው። በ26 ዓመቴ ደመወዝ ነበረኝ፣ የራሴ ቤት ነበረኝ፣ ባለቤቴም ክፉ ሰው አልነበረም። ያኔ «እህቴ ናት» ያልኩት የሰፈሩን አፍ ፈርቼ ነው። ይህ የእኔ ነው።

ደግ የሠሩትንም ያስገቡ። ጥፋቱን የሚጽፍ ሰው ይህን ይረሳል ወይም ያፍርበታል። በየወሩ ለእናቴ ብር እልክ ነበር፣ ልጄም በዚያ ተማረች። በሌላ ገጽ ይጻፉት እንጂ ከጥፋቱ ጋር አያቻችሉት። ሲያቻችሉት ሒሳብ ይሆናል፤ ልጅ ደግሞ በሒሳብ አትዘጋም።

የሚጠገን ካለ ዛሬ ይጠግኑ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስለዚህ ሌላ ሰው የተጎዳበት ገጽ በደብተር ብቻ አያልቅም። ለንስሐ አባቴ ስናገር ስግደትና ጾም ሰጡኝ፤ ቀጥለው «ለእሷስ ነገርሻት?» አሉኝ። እስላም ጎረቤቴም ከዚያው ነው የደረሰችው፦ በእነሱ ዘንድ የሰው ሐቅ በጸሎት ብቻ አይወርድም፤ ለባለቤቱ መመለስ ወይም ባለቤቱን «አፍው»፣ ማለትም ይቅር፣ ማስባል ያስፈልጋል።

ይቅርታ ሊጠይቁ ሲሄዱ አንዲት ፊደል ይጠንቀቁ። «ካስቀየምኩሽ ይቅርታ» አይበሉ። ያቺ «ካ» ጥፋቱን ጥርጣሬ ታደርገዋለች። «ይቅርታ፣ ግን...» ደግሞ የባሰ ነው። ያደረጉትን በስሙ ይጥሩ፣ ይቅርታ ይጠይቁ፣ ዝም ይበሉ። የተጎዳው ሰው ይቅር የማለት ግዴታ የለበትም። ሽማግሌ ይዘው ሄደው በሰው ፊት አፋጥጠው «እሺ» ማሰኘት ለመሬትና ለጋብቻ ጠብ ያገለግል ይሆናል፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ግን ብቻዎን ይሂዱ።

ምስጢሩ የሌላ ሰውም ከሆነ ቅደም ተከተሉን አይሳቱ፤ በመጀመሪያ የተጎዳው ሰው፣ ቀጥሎ እሱ ሲፈቅድ ሌሎቹ። በበዓል ቀን አይሁን፣ በሠርግ ሰሞንም አይሁን። ከሁሉ በላይ ለኑዛዜ አያቆዩት። ኑዛዜ ለቤትና ለንብረት መልካም ነው። እውነትን በሞት አልጋ ላይ ተናግሮ መሄድ ግን ለእኔ የመጨረሻ ሽሽት ነው፤ ሟች ይገላገላል፣ የቀረው ጥያቄውን ታቅፎ መልስ የሚሰጠው ያጣል።

እኔ ለልጄ ስነግራት ለካ ታውቅ ኖሯል። ፍቼ ሙሉ ያውቅ ነበር፤ በ12 ዓመቷ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ሰምታዋለች። ከእኔ አፍ እስክትሰማው ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠበቀች። ታናሽ እህቷ አልቅሳ አቀፈቻት። ወንዱ ልጄ ተቆጥቶ ወጣ፤ ያን ፋሲካ ቤቴ አልመጣም፤ አሁንም ስንገናኝ ይህን አናነሳም። ሁሉም ያምራል ብዬ ልዋሽዎ አልችልም።

የበደሉት ሰው ከሞተ ደብዳቤ ይጻፉለት፣ መቃብሩ ላይ ያንብቡት። ልጅ ወይም ወንድም ትቶ እንደሆነ ለእነሱ የሚሆን ነገር አይጠፋም።

መቼ ያቁሙ?

መጻፉ ከሁለት ሳምንት በኋላም እንቅልፍና ምግብ ከከለከለዎ፣ ከሰው ካራቀዎ፣ መኖር ካስጠላዎ ደብተሩን ዘግተው ሐኪም ያማክሩ። እስር፣ ድብደባ፣ የሰው መገደል ያዩ ሰዎች ደግሞ ያንን ገጽ ብቻቸውን ባይከፍቱ ይሻላል፤ አጠገብ ባለሙያ ይኑር። አዲስ አበባ ላለ ሰው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ስሙ የሚያስፈራን በድሮ ወሬ ነው፤ የጨነቀው ሰው ሁሉ ሄዶ ሊታይበት የሚችል ቦታ ነው።

ግራው ገጽ

ደብተሩን ለልጄ የሰጠኋት ባለፈው ዓመት ጳጉሜ ላይ ነው። መነጽሯን አድርጋ እዚያው ወንበር ላይ አነበበችው። ደብረ ብርሃን የሄድኩበት ቀን ላይ ስትደርስ ቆመች። እኔ የጻፍኩት «በሌሊት ወጣሁ፤ ተኝታ ነበር» ይላል። አርባ ምናምን ዓመት ያጽናናኝ መስመር እሱ ነው፤ ተኝታ ነበር፣ አላየችኝም።

«እትዬ፣ እስክሪብቶ አለሽ?» አለችኝ።

ባዶው ገጽ ላይ፣ ከዚያ መስመር ትይዩ፣ «አልተኛሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሌላ ሦስት መስመር ጨመረች፤ እነሱ የእሷ ስለሆኑ እዚህ አላወጣቸውም። ግራውን ባዶ ይተዉት ያልኩዎ ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ደብተር ስገዛ ባለ 100 ሉክ ገዛሁ።